ዳለቻና አስራ ሁለቱ በጎች

ኑ ቀረብ በሉ፣ ተረት ላወራችሁ ነው፤ ያንቀላፋ ጆሮውን ይቆነጠጣል!

በድሮ ጊዜ አስራ ሁለት በጎች በአንድ በረት ይኖሩ ነበር። ሰልፍ ሲወዱ ለጉድ ነው! ወደ ወንዝ ሲወርዱ ሁለት ሁለት፣ ወደ መስክ ሲወጡ ሦስት ሦስት፣ ወደ በረት ሲመለሱ ስድስት ስድስት ሆነው ይሰለፋሉ። አንድም የሚተርፍ የለም። አለቃቸው አያ ሙክት በዚህ ደረቱን ይነፋ ነበር።

አንድ ቀን ዳለቻ የምትባል ፍየል መጣች።

«አያ ሙክት፣ መጠጊያ አጣሁ። እባክህ አስጠጉኝ» አለችው።

«ሰልፋችንን ልታበላሺ? ሁለት ሁለት ስንሆን አንቺ ትተርፊያለሽ። ሦስት ሦስት ስንሆን አንቺ ትተርፊያለሽ። ስድስት ስድስት ስንሆንም አንቺው! ሂጂ እባክሽ!»

ዳለቻ ሆድ ብሷት ከበረቱ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ተጋደመች። ከግንዱ ጀርባ ሁለት ጅቦች ሲንሾካሾኩ ሰማች። የአገሩ ጅቦች ስድስት ናቸው። አንድ ጊዜ ቅርጫ ሲካፈሉ ለአንዲት ጉበት ተጣልተው ጆሮ ለጆሮ ስለተነካከሱ፣ ዋርካውን ዳኛ አድርገው ምለው ነበር፦ «መደቡ እኩል ሳይሆን የቀመሰ ጥርሱ ይርገፍ!»

«አስራ ሁለት በግ!» አለ አንደኛው። «ለሁለት ብንሆን ስድስት ስድስት። ለሦስት ብንሆን አራት አራት። ስድስታችንም ብንመጣ ሁለት ሁለት። አቤት ለቅርጫ ሲመቹ!»

ዳለቻ ከዋርካው በላይ ያለውን ገደል ወጥታ ማምለጥ ትችል ነበር። ግን በጎቹ አሳዘኗት። እየሮጠች ወረደች።

«አያ ሙክት፣ ክፈት! ቅርጫ ልትሆኑ ነው! አስገባኝና አስራ ሦስት እንሁን!»

አያ ሙክት ቅርጫ የሚለውን ሲሰማ በሩን ከፈተ። ወዲያው ሁለቱ ጅቦች ደረሱ። ስድስት በግ ወደዚህ፣ ስድስት በግ ወደዚያ። ዳለቻ መሀል ቀረች።

«የእኔ ናት!»

«የእኔ ናት!»

«እንቁረጣት!»

«ጉበቷንስ ማን ይወስዳል?»

«ጥርሳችሁን!» አለ ዋርካው ከላይ። ሁለቱም አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

ሦስተኛ ጅብ ጠሩ። አራት፣ አራት፣ አራት። ዳለቻ መሀል ቀረች። ከቦታዋም ንቅንቅ አላለችም።

«ጉበቷ የእኔ!»

«ጥርሳችሁን!» አለ ዋርካው።

የቀሩትን ሦስቱን ጠሩ። ሁለት ሁለት ለስድስት። ዳለቻ አሁንም መሀል! ትተዋት እንዳይሄዱ፣ ጅብ የተረፈ ነገር ትቶ መሄድ የት ያውቅበታል? ስድስቱም «ጉበቷ የእኔ!» እያሉ ተናከሱና ጆሯቸውን ይዘው በየአቅጣጫው ፈረጠጡ። ዋርካው ቅጠሉ እስኪረግፍ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ዳለቻ በሰልፉ መጨረሻ ብቻዋን፣ ቀንዷን ቀና አድርጋ ትሄድ ጀመር። በጎቹም «ትርፋችን» እያሉ ያቆላምጧታል።

ክረምቱ ሲወጣ አንዲት በግ ወለደች። አያ ሙክት እያለከለከ መጣ።

«ዳለቻ፣ ጉዳችን ፈላ! አስራ አራት ሆንን! ለሁለት ጅብ ሰባት ሰባት ልንደርስ ነው!»

«አይዞህ አያ ሙክት። ከገደሉ ማዶ መጠጊያ ያጡ ሦስት እህቶች አሉኝ።»

አያ ሙክት ይህን ጊዜ አልተከራከረም፤ ሮጦ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። አስራ ሰባት ሆኑ። ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለአምስትም፣ ለስድስትም ጅብ እኩል አካፍላለሁ የሚል ካለ ይሞክር!

ሰልፌን ያበላሻል ብላችሁ በር የምትዘጉበት እንግዳ፣ ተከፋፍላችሁ በጅብ እንዳትበሉ የሚያደርጋችሁ እሱ ይሆናል። ተረቴን ጨረስኩ፤ እሸት ያለው ያቀብለኝ!