አንድ እጀታ ያለው ጥላ

በአንድ ወቅት አስናቁ የምትባል እናት ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ የገላዋ ማሳከክም አላስቆም አላስቀምጥ አላት። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ሙላት፣ መንበሩና የሺሐረግ። «ኪዳነ ምሕረት ብታስነሣኝ የሐር ጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። በሰፈሯ ወግ የተሳለው ሰው አቅም ካነሰው፣ ለመዳኑ ምክንያት የሆነው ሰው ስለቱን ይዞ ይገባለታል፤ ካህኑም ያንን ሰው በስሙ ይመርቀዋል።

ጎረቤቱ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው፤ መርፌ ከነካት ትሞታለች» ብሎ መድኃኒት አዋቂ ጠራ። የበኩር ልጇ ሙላት «ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«እናትህን ልትገድል ነው እንዴ፣ አንተ ልጅ?»

«ከገደልኩም ልጇ ነኝ። ዞር በሉ!»

አዝሎ መኪና ላይ አወጣት። ሐኪሙም በአፏ ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ የሐሞት ቱቦዋን የዘጋውን ድንጋይ አወጣ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ቱቦው ራሱ ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ ሐሞቱ እንዲወርድ ትንሽ የፕላስቲክ ቧንቧ አኖረበትና ደሟን አስመረመረ። «ለካንሰር ምልክት የሚሆን አንድ ፕሮቲን በጣም ከፍ ብሏል» አላቸው ልጆቿን።

«ካንሰር ነው?»

«ካንሰርም ከፍ ያደርገዋል፤ ድንጋይ ቱቦውን ሲዘጋውም ከፍ ይላል።»

«ታዲያ ምኑን ምልክት ሆነ!» አለ ሙላት ተናዶ። «ሆዷ ይከፈትና ይታይ።»

መካከለኛው መንበሩ እምቢ አለ። «ሐሞቱ ይውረድና ምርመራው ይደገም።»

«ካንሰር ከሆነስ?»

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ሲጠብቁ የሺሐረግ ከእናቷ አጠገብ አልጠፋችም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አስናቁ ተንቀጠቀጠች። ወንዶቹ «ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቢላት» አሉ። የሺሐረግ ግን የእናቷን ዓይን ገልባ አየች፤ ቢጫው ተመልሷል። ሮጣ ሐኪሙን እየጎተተች አመጣችው። ቧንቧው ተደፍኖ ኖሯል፤ ቶሎ ባይቀየር ደሟ ተመርዞ ትሞት ነበር።

ምርመራው ሲደገም ፕሮቲኑ ወርዷል፤ ከጠበበው ቦታ የተወሰደው ናሙናም ንጹሕ ሆነ። ቱቦውን ያጠበበው ድንጋዩ የተወው ጠባሳ ነበር። እልል ተባለ፤ ጥላው ተገዛ። ቤቱ ሰላም ያጣው ከዚያ ወዲያ፣ «ጥላውን ማን ይዞ ይግባ» በሚለው ነው።

«እኔ ባልወስዳት የት ነበራችሁ?» ሲል ሙላት፣

«አንተማ በከንቱ ልታስቀድዳት ነበር!» ይላል መንበሩ።

«አንተስ? በዕድል ወጣህ እንጂ!»

«ለሁለታችሁ ቢተው እኮ ጋቢው መገነዣ ይሆን ነበር» ትላለች የሺሐረግ።

እንዲህ ሲነታረኩ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ አለፈ። ጥላው እንደተጠቀለለ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። አስናቁ «ሦስታችሁም ያዙት» ብትል «እጀታው አንድ ነው» አሏት። ራሷ ልትይዘው ብትነሣ ጉልበቷ የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት እምቢ አላት።

«ድንጋዩ ከሆዴ ቢወጣ እናንተ ጉሮሮዬ ላይ ቆማችሁ!» አለች መርሯት። «እኔ የተሳልኩት ለእመቤቴ ነው፤ ለእናንተ ጭቅጭቅ አይደለም!»

ይኸው ንግሡ ዞሮ መጣ። ደወሉ ይደወላል። አስናቁ ጥላውን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ሦስት እጅ ተዘርግቶላታል። የሰው ፊት አይታ እንዳትሰጥ እግዜርን ትፈራለች፤ ዝም ብላ እንዳትቆም ስለቷ አንገቷ ላይ ነው።

እኔ ሳወጣ ሳወርድ ደከመኝ፤ እስቲ እናንተ ፍረዱ። በር ላይ ቆሞ ላስወጣት፣ ከቢላ ላስጣላት፣ ወይስ ከአጠገቧ ላልጠፋችው፦ አስናቁ እጀታውን ለማን ታስጨብጥ?