የዳለቻ ሦስት አሞሌዎች

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። እኔ ቀስ ብዬ አወራለሁ፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ ጨው ገንዘብ በነበረበት ጊዜ፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ዳለቻ ታታሪ ነበረች። ዳለቻ ደግ ነበረች። ዳለቻ ግን ሁልጊዜ ይደክማት ነበር፤ ሲደክማት ደግሞ «እምቢ» ማለት አይሆንላትም።

ጢኖ የሚባል ውርንጭላ ነበራት። ጢኖ ጡት ከጣለ ገና ወሩ ነው። የክረምቱ እርጥብ ሣር ብቻውን ሆዱን ይነፋዋል፤ ገብስ ካልተቀላቀለለት ክረምቱን አይወጣም። እናቱ ይህን ታውቃለች። ተኝታም ታውቃለች።

አንድ ስልቻ ገብስ አንድ አሞሌ ያወጣል። አሞሌ ማለት እንደ ጡብ ተጠርቦ የተበጀ ጨው ነው። ዳለቻ ወደ ጨው አገር ትወርዳለች፣ ጨው ተጭና ዳገቱን ትወጣለች፣ ለአንድ ጉዞ አንድ አሞሌ ታገኛለች። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ሦስት ጉዞ፣ ሦስት አሞሌ፣ ሦስት ስልቻ። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

ገብስ የሚሸጠው ከወንዝ ማዶ ነው፤ ሻጩም ነጋድራስ ጃርት። ነጋድራስ አሞሌ የሚለካው በገዛ እሾሁ ነው። አይጨምርም፣ አይቀንስም።

የመጀመሪያውን አሞሌ አገኘችና አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ገበያ ወረደች። በዚያ ዘመን ደንብ ነበር፤ አሞሌ የያዘ ሰው ወዳጁን መንገድ ላይ ካገኘ «እንካ፣ ላስ» ይላል።

ፍየልን አገኘች።

«እንደምን ሰነበትሽ እት ዳለቻ። እስቲ አንዴ ልላስ፤ አንድ ምላስ ምን ያጎድላል?»

ደክሟት ነበርና «ላሺ» አለች።

በሬን አገኘች።

«ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እስቲ አንዴ ልላስ፤ አንድ ምላስ ምን ያጎድላል?»

የበሬ ምላስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ደክሟት ነበርና «ላስ» አለች።

ከወንዙ አፋፍ ካለው ዋርካ ሥር እመት ጦጣን አገኘች። ጦጣ ብልጥ ናት። ጦጣ ጣፋጭ አፍ አላት። ጦጣ የሰጧትን ሁሉ ታስቀምጣለች፣ ካስቀመጠችው ግን አታወጣም።

«የኔ እናት፣ እኔ መላስ አልወድም፤ ነውር ነው» አለች ጦጣ። «ከጥጓ ትንሽ ልስበር ብቻ። አንድ ጥግ ምን ያጎድላል?»

ደክሟት ነበርና «ስበሪ» አለች። ጦጣ ሰበረችና በዋርካው ጎሬ ውስጥ ከተተችው።

ነጋድራስ ጃርት እሾሁን ነቅሎ ለካ። አሞሌው እስከ እሾሁ እኩሌታ ደረሰ፣ ከዚያ አላለፈም።

«ግማሽ ስልቻ» አለ።

«ነጋድራስ፣ ከቤቴ ስወጣ እኮ ሙሉ ነበር።»

«እኔ የምለካው የደረሰውን ነው እንጂ የወጣውን አይደለም፣ እሜቴ።»

ዳለቻ ግማሽ ስልቻዋን ይዛ ተመለሰች።

ለሁለተኛው አሞሌ ደግሞ ቆላ ወረደች። ጫንቃዋ ተላጠ። ስትመለስ ጢኖን ይዛው ወደ ገበያ ሄደች። ወዳጆቿን ለመሸሽ በዱር በዱር ዞረች፤ ምላስ አልነካውም፣ አሞሌው ሙሉ ነው። ዋርካው ሥር ስትደርስ ግን ጦጣ ቅርንጫፉ ላይ ቃጭል ሰቅላ ታቃጭላለች።

«ማሙሽዬ፣ የፈረስ ልጆች ሁሉ ቃጭል አስረዋል፤ አንተስ?»

«እማዬ፣ ቃጭል።»

«ገብስ ነው የምንገዛው ልጄ።»

«እማዬ፣ ቃጭል።»

«ክረምት እየመጣ ነው ልጄ።»

«እማዬ፣ ቃጭል። እማዬ፣ ቃጭል። እማዬ...»

ደክሟት ነበርና «እሺ» አለች። ሙሉው አሞሌ ጎሬው ውስጥ ገባ። ጢኖ ሁለት ቀን እያንቃጨለ ዘለለ። በሦስተኛው ማታ ጅብ ድምፁን ሰምቶ በራቸው ድረስ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቃጭሉ ሣር ተወትፎበት አንገቱ ላይ ዝም አለ።

ሦስተኛውን አሞሌ ስታገኝ ሰኔ ገብቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ የለም። ዳለቻ በዚያ ቀን ወደ ገበያ አልሄደችም። ቤቷ ገብታ ተኛች። ጠዋት ተነሥታ «አምላኬ፣ ጉልበቱን ሰጠኸኝ፤ ብልሃቱንም አትንሣኝ» አለች። ከዚያ ተቀምጣ አሰበች።

በድንጋይ መታ መታ አድርጋ ከአሞሌው ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ለየች። የቀረውን በደረቅ የኮባ ቅጠል ጠቅልላ ኮርቻው ሥር ወተፈችው።

«ይቺ ለወዳጅ» አለችው ለጢኖ። «ያ ለገብስ። ለጌጥ የሚሆን ዘንድሮ የለም። አኩርፈኝ፣ ግን አትጠይቀኝ።»

ጢኖ አኮረፈ።

ወደ ገበያ ስትወርድ ፍየል መጣች፣ ቁራጯን ላሰች። በሬ መጣ፣ ቁራጯን ጨረሳት።

«ሌላው የታለ?» አለ በሬ።

«አለቀ ወንድሜ። ያመጣሁላችሁ ይኸው ነበር።»

«እት ዳለቻ ዘንድሮ ስስት ጀመራት» አለች ፍየል።

«እርጅና ነው» አለ በሬ።

ዳለቻ ፊቷ እየጋለ አለፈች። ሐሜት እንዲህ ነው፤ ያማል፣ ስልቻ ግን አያጎድልም።

ዋርካው ሥር ስትደርስ ሰማዩ ጠቆረ።

«የኔ እናት፣ ዝናቡ ሊጥል ነው» አለች ጦጣ። «ጨው ደግሞ ውኃ ሲነካው ይሟሟል። እዚህ ጎሬዬ አስቀምጪውና አረፍ በይ። ሲያባራ ትወስጂዋለሽ።»

ዳለቻ ቆመች። አረፍ ማለት አማራት። ቃሉ ራሱ ጣፈጣት። ኮርቻዋ ቆረቆራት፣ አሞሌው ሥሩ እንዳለ ትዝ አላት።

«እመት ጦጣ» አለች፣ «ደክሞኛል። ሲደክመኝ ደግሞ የምናገረው ሁሉ ለሌላ ነው የሚጠቅመው። ጠዋት ሳልደክም የወሰንኩት ነጋድራስ ዘንድ መድረስ ነው። እደርሳለሁ።»

ወንዙ ሆዷን እየነካ ተሻገረች። ነጋድራስ ጃርት ስልቻውን ሊያስር ሲል ደረሰች። ኮባውን ፈታ፤ አሞሌው ደረቅ ነው። ለካው።

«ከእሾሄ ትንሽ ያንሳል። ከስልቻው ሁለት እፍኝ እቀንሳለሁ።»

«ይቀነስ» አለች። «የቀነስኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ አውቄ ነው።»

ተመልሳ እንደተሻገረች ዶፉ ወረደ። ወንዙ ሞላ፣ ገበያው ተዘጋ። ዝናቡ ያንን ዋርካ ገረፈው፣ ጎሬው ውኃ ያዘ። ጦጣ ሁልጊዜ «ነገ እገዛበታለሁ» እያለች ያከማቸችው የአሞሌ ጥግ ሁሉ፣ የቃጭሉም አሞሌ ጭምር፣ ሟሟና በግንዱ ቁልቁል ፈሰሰ።

ፍየልና በሬ ሰምተው መጡ። ግንዱን ይልሱ ጀመር።

«ኧረ ተዉ፣ ገንዘቤ ነው» አለች ጦጣ ከላይ ሆና።

«አንድ ምላስ ምን ያጎድላል?» አለች ፍየል።

ክረምቱ ረዘመ። አንድ ስልቻ ተኩል የማይሞላው ገብስ እየሳሳ ሄደ። ዳለቻ ለራሷ ሣሩን በላች፣ ለጢኖ ገብሱን ቀላቀለች። ነሐሴ ላይ ጦጣ በዝናብ በስብሳ መጣች። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ዳለቻ ከቤቷ ማዕዘን አንድ እፍኝ ገብስ አወጣችላት።

«ሌላ የለም?»

«የለም። ይቺን የተራበ ቢመጣ ብዬ ከሰኔ ጀምሮ አስቀምጫታለሁ። መጣሽ፣ ያንቺ ሆነች።»

ጦጣ በላችና አንገቷን ደፍታ ሄደች። ጢኖ የስልቻውን ስር አይቶ፣ ከዚያ አንገቱን አይቶ ጠየቀ።

«እማዬ፣ ቃጭል ይበላል?»

«አይበላም ልጄ።»

«ታዲያ ለምን ገዛሽልኝ?»

«ደክሞኝ ነበር።»

«በሚቀጥለው ሲደክምሽ አልለምንሽም» አለ። እሷም ያን ቀን የመጀመሪያዋን እረፍት አረፈች። ጢኖ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ቆሞ፣ መስከረም ጠባ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ለወዳጅ መስጠት ክፉ አይደለም፣ ቃጭልም ክፉ አይደለም፣ ማስቀመጥም ክፉ አይደለም። ክፉው ሳያስቡ ማድረግ ነው። ገንዘብ በየመንገዱ ከተላሰ ያልቃል፣ ሥራ ሳይሠራ ከተከማቸ ይሟሟል። ገንዘባችሁን የምታደርጉበትን ከቤት ወስናችሁ ውጡ፤ ውሳኔ ከመንገድ አይለቀምም።

ተረቴ እዚህ ጭነቷን አራግፋለች። እናንተ ያዙልኝ፣ እኔም ወገቤን ላሳርፍ።