አዋላጇና የምትንቀጠቀጠው መኪና

አንዲት አዋላጅ ነበረች፤ አሮጌ መኪና ነበራት።

ጋሽ እንግዳወርቅ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ነው። የጠየቀቻቸው ባንቺአምላክ የምትባል ወጣት አስተማሪ ናት። በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ማንበብ የማይችሉ ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋሉ። ይህን ስትናገር ባልደረቦቿ «ድሮም እንዲህ ነው፤ አንቺ አዲስ ስለሆንሽ ነው» አሏት። ደግማ ስትናገር አስቸጋሪ ተባለች። ጡረተኛው መምህር ጋሽ እንግዳወርቅ ዘንድ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሁሉም ደህና ነው ሲል እኔ ብቻዬን አይደለም ብል ምን ዋጋ አለው? ዝም ልበል ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?» አለቻቸው። እሳቸውም ከመልሱ በፊት ይህን ነገሯት።

አዋላጇ የምትኖረው ሜዳ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ነው። የከተማዋ ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን አያደርግም። ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ትልቁ ሆስፒታል መወሰድ አለባት። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደግነቱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። አምቡላንስ አንዳንዴ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የለም። በሌለ ጊዜ አዋላጇ ሟች ባሏ የተወላትን መኪና ታስነሳለች። መኪናዋ ከራሷ ከአዋላጇ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ መንገደኛ ቆም ብሎ የሚያያት ዓይነት ናት። ሞተሯ አስቸግሮ አያውቅም። ነገር ግን ፍጥነቷ ከሰማንያ ሲያልፍ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። መቶ ስትደርስ መስታወቱ ይርገበገባል፤ ከኋላ የተኛችው ሴት ጥርሷ ይንገጫገጫል።

የከተማው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መፍትሔ ነበረው። «አሮጌ ናት፣ ቀስ ብለሽ ንጃት» ይሏታል። መካኒኩም ያንኑ አላት።

«ሲስተር፣ የዕድሜ ነገር ነው። እኛም ስናረጅ እንንቀጠቀጣለን። ከሰባ አትለፊ።»

ሙያው የእሱ ነውና እሺ አለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደም የሚፈሳት ወላድ ይዛ በሰባ ነዳች። የጭነት መኪናዎች ሳይቀሩ እያለፏት ሄዱ። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሙ ማንንም ሊወቅስ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ትንሽ ቀደም ቢል ኖሮ» ብሎ ጓንቱን አወለቀ።

ያጽናኗት ሰዎች የእግዜር ፈቃድ ነው አሏት።

«የእግዜርን ለእግዜር እተዋለሁ» አለች። «መኪናዋን ግን የሠራት ሰው ነው። ሰው የሠራውን ሰው ያስተካክለዋል።»

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣች። ጎማዎቹን ባላንስ አስደረገች፤ ያው ነው። የፊቶቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛወረች፤ አሁንም ያው ነው። የባሏ ወንድም አዘነላትና፣ «የወንድሜ መታሰቢያ ናት። ለበዓል ከተማ ውስጥ አንሸራሽሪያት እንጂ ምን አለፋሽ?» አላት።

«ለመታሰቢያ ፎቶግራፉ አለኝ» አለችው። «እኔ የምፈልገው የምትሮጥ መኪና ነው።»

እንደገና ጋራዥ ስትመለስ መካኒኩ ሰለቸው። መኪናዋን ቀኑን ሙሉ አቆይቶ፣ «አሁን አይሰማሽም» ብሎ ቁልፉን ሰጣት። እውነትም አልተሰማትም። አስፋልቱ ላይ አውጥታ ስትሞክራት ወንበሩ ጸጥ ብሏል። ደስ ሊላት ሲል ግን ዓይኗ የበሩ እጀታ ላይ አረፈ፤ እጀታው እንደ ድሮው ይርገበገባል። ዳር ይዛ ቆመችና የወንበሩን ልብስ ገለጠችው። መካኒኩ ወፍራም ስፖንጅ ጠቅጥቆበታል። ወለሉም ላይ ላስቲክ በላስቲክ ደርቦ አንጥፎበታል።

ስፖንጁን እዚያው መንገድ ዳር መዥርጣ አወጣችው። ወደ ጋራዡ ተመለሰችና ደጃፉ ላይ አቆመች። የኋላውን ወንበር ራሷ ፈትታ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ላስቲኩንም እስከ ቆርቆሮው ገፈፈችው። ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ያያታል። ቁልፉን ለመካኒኩ ዘረጋችለት።

«አንተ ትነዳለህ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ወላዶቹ የሚተኙበት እተኛለሁ።»

«ሲስተር፣ ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። መቶ ሳትደርስ ፍሬን እንዳትነካ።»

ተኛች። ጉንጯን በባዶው ቆርቆሮ ላይ፣ መዳፏን በወለሉ መሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ አደረገች። ያ መዳፍ የብዙ እናቶችን ሆድ ዳስሶ የልጁ ራስ ወዴት እንዳለ ያወቀ ነው። ሰማንያን ሲያልፉ መንቀጥቀጡ ጀመረ።

«መሪው ይንቀጠቀጣል?» ብላ ጮኸችለት።

መካኒኩ እጆቹን አየ። ይህን እስከዚያ ቀን ልብ ብሎት አያውቅም። «አይ፣ መሪውስ ጸጥ ብሏል።»

«እንግዲያው ከፊት አይደለም። አሁን ማርሹን አውጣና ዝም ብላ ትንሸራተት።»

የሞተሩ ድምፅ ወረደ። መንቀጥቀጡ ግን ቅንጣት አልቀነሰም።

«ከሞተሩም አይደለም» አለች። «እዚህ ነው፤ ከእጄ ሥር።»

መካኒኩ ከእጇ ሥር ያለውን ያውቃል። ከማርሹ ሳጥን ከካምቢዮው ተነሥቶ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ረጅም ዘንግ ነው።

ጋራዥ እንደደረሱ መኪናዋ ሥር ገባ። ዘንጉ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰካል። ግራሶውን በጨርቅ ሲጠርገው ፋብሪካው የቀረጻቸው ሁለት ቀስቶች ብቅ አሉ። ቀስቶቹ ፊት ለፊት መግጠም ሲገባቸው አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ሆነዋል። ያንን ዘንግ ቀደም ሲል ለጥገና ፈትቶ መልሶ የገጠመው ራሱ ነበር። አወጣው፤ ቀስቶቹን አጋጠመና መልሶ አሰረው።

«አሮጌ ናት ብዬሽ ነበር» አለ፣ ከመኪናዋ ሥር ሳይወጣ።

«ብለኸኛል።»

«የእኔ ስሕተት ነው።»

«ስሕተቱን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ማንም ይሳሳታል» አለች አዋላጇ። «ስለ ስፖንጁ ግን ገና አልማርኩህም።»

ብዙም ሳይቆይ መንታ ያረገዘች ሴት ምጥ ይዟት መጣች። አሁንም አምቡላንስ አልነበረም። አዋላጇ አስፋልቱን ስትይዝ እግሯን ከነዳጅ መስጫው አላነሳችም፤ የጭነት መኪናዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ጣለቻቸው። ከኋላ የተኛችው ሴት በሁለት ምጥ መካከል ቀና ብላ፣ «የቆምን መሰለኝ፤ ደረስን እንዴ?» አለች። ሦስቱም በሕይወት ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ጋሽ እንግዳወርቅ እዚህ ላይ ወደ ባንቺአምላክ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ መኪናዋ ትምህርት ቤትሽ ናት። ከኋላ ተኝተው የሚንገጫገጩት ልጆቹ ናቸው። ሳያነቡ የሚሰጣቸው የማለፊያ ነጥብ ስፖንጁ ነው፤ የተጠቀጠቀው ለልጆቹ ተብሎ አይደለም፣ እኛ ትልልቆቹ እንዳይሰማን ነው። ድሮም እንዲህ ነው የሚሉሽን ሰዎች ክፉ ናቸው አልልሽም። ከመካከላቸው ዘንጉን ያዛነፈው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ማዛነፉን ራሱም አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«ዝም አትበይ፤ ሥራሽንም አትልቀቂ። ነገር ግን ይንቀጠቀጣል ይንቀጠቀጣል ማለት ብቻውን የትም አያደርስሽም፤ እሱን ስትይ ከርመሻል። ዝቅ ብለሽ ከልጆቹ አጠገብ ተቀመጪ። እያንዳንዱን አስነብቢውና የት ላይ እንደሚሰናከል በራስሽ ጆሮ ስሚ። ነገሩ ከየትኛው ክፍል ጀምሮ እንደተበላሸ ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ ተነሺና ቦታውን አሳዪያቸው። ያኔም አስቸጋሪ ማለታቸውን ላይተዉ ይችላሉ።»

«ካልተዉስ?»

«ይበሉሽ» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ። «ልጆቹ ያንብቡ እንጂ አንቺን የፈለጉትን ይበሉሽ።»