ጆሮ የተዋሰችው መይረም

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ከጉንዳን ያነሰ የሚያውቅ ንጉሥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላየንም ካላችሁ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ተረት ተረት።

የመሰረት።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ከሰው ጋር በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ዝናብ በማያውቀው በረሃ ውስጥ መይረም የምትባል ፍየል ጠባቂ ነበረች። በዚያ በረሃ መካከል ሰፊ ደረቅ ወንዝ አለ። ከአሸዋና ከጠጠር በቀር ምንም የለበትም። ታዲያ በዓመት አንድ ቀን ደራሽ የሚባል ጭራቅ በዚያ ወንዝ ያልፋል። አባቱ ነጎድጓድ፣ እናቱ ጥቁር ደመና ናት። የሚወለደው ሩቅ ደጋ ላይ ነው። እግር የለውም፤ ግን ፈረስ ይቀድማል። ጥርስ የለውም፤ ግን ግመል ከነጭነቱ ይውጣል። የሚመጣውም ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይ አናት እየበሳች ሳለ ነው።

ከወንዙ ዳር አንድ ነፋሻ ኮረብታ ነበረ። የዚያ አገር ንጉሥ ግን «ኮረብታው የእኔ ነው፤ ነፋሱን የሚሻማኝ አልፈልግም» ብሎ ሕዝቡን ሁሉ ወንዙ ውስጥ አሰፈረ። አሸዋውን እየቆፈሩ ውኃ ያወጡለታል። ሽቅብ ሲወጣ የተገኘ ይገረፋል።

በመጀመሪያው ዓመት ደራሽ መጥቶ የመይረምን ግመል ዋጠ። ንጉሡ «ማን ያውቅ ነበር?» አለ። በሁለተኛው ዓመት ባሏን ዋጠ። ንጉሡ አሁንም «ማን ያውቅ ነበር?» አለ። በሦስተኛው ዓመት መይረም የቀረቻት አንዲት ልጇ ዳሃብ ብቻ ነበረች። ዳሃብም ከሌሎቹ ልጆች ጋር ወንዙ ውስጥ ስትቆፍር ትውላለች።

የዚያ አገር ሰዎች ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ደጉ ወሬ ይቀድማል፤ ክፉው መጨረሻ ይመጣል። «ዳጉ አለኝ» ብሎ የመጣን ሰው ንጉሥም ቢሆን ሳይሰማ አይመልስም። መይረም ደግሞ ለዳጉ ሰው አትመርጥም። ጉንዳንም ብታገኝ ቁጭ ትላለች።

አንድ ቀን ጠዋት ጉንዳን እንቁላሏን ተሸክማ ሽቅብ ስትወጣ አገኘቻት።

«እመት ጉንዳን፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ላይ። ደራሽ ሊወለድ ነው። መሬቱ ከሥር ይርዳል።»

መይረም ኮረብታውን ወጥታ «ዳጉ አለኝ» አለች። ንጉሡ አስቀመጣት። እሷም እንደ ልማዱ ከደጉ ወሬ ጀመረች። ፍየሎቹ ደህና ናቸው፤ ሁለቱ ወልደዋል፤ ግራሩ አብቧል፤ ጎረቤቷን ሳሉ ለቆታል። ክፉው ወሬ ላይ ስትደርስ ንጉሡ ያንኮራፋ ነበር።

በማግሥቱ ኤሊ ሽቅብ ስትወጣ አገኘቻት።

«ኤሊት፣ ምነው ቸኮልሽ?»

«ይሄ መቸኮል ከሆነ አንቺ ተገትረሻል ማለት ነው። ደራሽ ተወልዷል። ልጅሽን አውጪ።»

መይረም እየሮጠች ወጣች። በዚህ ጊዜ ከክፉው ወሬ ጀመረች። «ደራሽ ተወልዷል። ሕዝቡ ይውጣ» አለች።

ንጉሡ ተቆጣ። «የግመሎቼን ደህንነት እንኳ ሳትጠይቂ? ለመሆኑ ማን ነገረሽ?»

«ኤሊ።»

በንጉሡ ዙሪያ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። «ሥርዓት የሌላት ሴት! ከሰው ፊት አዋረድሽን» አሏት። ወታደሮቹም ገፍትረው አወረዷት።

በሦስተኛው ቀን የዱር አህያ ሽቅብ ሲጋልብ አገኘችው።

«አያ አህያ፣ ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም» አለችው።

«እንግዲያው ጆሮዬን ላውስሽ። አንቺም ራስሽ ስሚው» አላት።

ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱ ረጃጅም ጆሮዎች ከእሱ ራስ ወርደው በእሷ ራስ ላይ ተተከሉ። ወዲያው ከሩቅ ደጋ ነጎድጓድ ሰማች። ደራሽ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣም ሰማች፤ ከቀትር በፊት ይደርሳል። ከወንዙ ውስጥ ደግሞ የሕዝቡን ማጉረምረም ሰማች። «እሱ ነፋስ ይቀበላል፤ እኛ አሸዋ እንቅማለን» ይላሉ።

መይረም አሰበች። ይህ ሰው ስለ ሰው ሞት መስማት አይወድም። ታዲያ ስለ ማን መስማት ይወዳል? ስለ ራሱ። ተነሥታ ወጣች።

ንጉሡ ጆሮዋን አይቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «አሁን ደግሞ ምን ሰማሽ፣ አህዪት?»

«ንጉሥ ሆይ፣ ስለ እርስዎ የሚወራውን ሰማሁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ምን ይላሉ?»

«የሰው ወሬ በእኔ አፍ አይጣፍጥም። ከተናገሩት ሰዎች አፍ ይስሙት።»

«አንድ አንዱን ጥሩልኝ!»

«አንድ አንዱን ከጠሩ፣ የቀረው ቃሉን ይለውጣል። ሁሉንም ባንዴ ነው እንጂ።»

«ልጆቹንም?»

«ከሁሉ የባሱት እነሱ ናቸው።»

ንጉሡ መለከት አስነፋ። ሽማግሌ፣ አራስ፣ ልጅ፣ ፍየል ሳይቀር ኮረብታውን ወጣ። ወንዙ ባዶ ቀረ። ንጉሡ መጠየቅ ጀመረ።

«አንተ ስለ እኔ ምን አልክ?»

«ነፋሱ ሲያንሳቸው ነው አልኩ» አለ አንድ ሽማግሌ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ጥርሴን አሞኝ አፌን ከከፈትኩ ሳምንቴ» አለች አንዲት ሴት።

«አንቺስ፣ ትንሿ?»

«ሆዱ ከድንኳኑ ይበልጣል አልኩ» አለች ዳሃብ።

ንጉሡ አለንጋውን አንሥቶ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ምድር ጮኸች። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። በወንዙ መታጠፊያ በኩል ደራሽ ብቅ አለ። ቡናማ ነው፤ ቁመቱ ግራር ያክላል፤ ግንዶች ባፉ ውስጥ ይገለባበጣሉ። ድንኳኖቹን ዋጠ። የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ዋጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየ።

«ምሳዬ የት አለ?» አለ።

ወታደሮቹ ከንጉሡ ኋላ ተደበቁ፤ ንጉሡም ከወታደሮቹ ኋላ ተደበቀ። መይረም ግን ልጇን በእጇ ይዛ ወንዙን በሚያየው የኮረብታው ገደል ጫፍ ላይ ቆመች።

«እዚህ ነው ያለነው። ግመሌን በላህ፤ ባሌን በላህ፤ ይቺን ግን አትቀምሳትም። እግር ካለህ ውጣ።»

ደራሽ እግር የለውም። ገደሉን ሦስት ጊዜ በራሱ መታው። ሦስት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ እያጉረመረመ ከወንዙ በታች ወዳለው የጨው ሜዳ ወረደ፤ እዚያም አሸዋ ጠጥቶት ሞተ።

ንጉሡ ከተደበቀበት ወጣና «ማን ያውቅ ነበር?» አለ።

«ጉንዳን ታውቅ ነበር» አለች መይረም። «ኤሊ ታውቅ ነበር። አህያ ያውቅ ነበር። አንተም ታውቅ ነበር፤ ነግሬሃለሁ።»

ሕዝቡ ይህን ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ከኮረብታው አልወረደም። ንጉሡ ቢጮህ የሚታዘዘው ጠፋ፤ ውኃም ሲጠማው ራሱ እየቆፈረ ጠጣ። መይረም ጆሮውን ለባለቤቱ መለሰች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌዎቹ ወተት በቅል ይዘው መጡ። «መይረም፣ እናታችን፣ እርቅ ይሻላል። ንጉሡም ተጸጽቷል፤ እኛም ስቀንብሽ ነበር። ይህን ጠጪና ይቅር በይን» አሏት።

መይረም ቅሉን አልተቀበለችም። «ባሌን ይዛችሁ ስትመጡ እንነጋገራለን» አለች።

ልጆች፣ የተረቴ ትምህርት ይህ ነው። ሰማዩ ጥርት ቢልም ደጋው ላይ ካጉረመረመ ከደረቅ ወንዝ ውጡ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው ስሙት፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ተነግሮት ያልሰማ ሰው «አላወቅሁም» ማለት አይችልም።

ተረቴን ለታናናሾቻችሁ አድርሱ፤ የደረቀ አፌን በወተት አርሱ።

መይረም ግን ንጉሡንም፣ የሳቁትንም፣ የገፈተሯትንም ይቅር አላለችም። ማንንም።