በወደቡ በር የቆመ ወንድም

አንድ ሰው ነበረ። ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ፣ «እስቲ ደግሞ ዓለምን እዩ» ብለው ከሚስቱ ከወይንሸት ጋር በትልቅ መርከብ ወደ ሰሜን አውሮፓ ላኩት። አንድ ማለዳ መርከቡ በርገን ከምትባል የኖርዌይ ከተማ ደረሰ። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን፤ የዘገየ ይቀራል» ተባሉ።

በዚያች ከተማ ታናሽ ወንድሙ አምሳሉ ይኖር ነበር። ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም። ለምን? እናታቸው ስታርፍ ይህ ሰው ለወንድሙ መርዶ አልነገረውም። ተቀይሞት ነበር፤ በምን እንደተቀየመው ዛሬ እሱም በቅጡ አያስታውስም። ይባስ ብሎ ለለቀስተኛው ሁሉ፣ «የእናቱን ሞት ሰምቶ የቀረ ልጅ!» እያለ አወራ። አምሳሉ የሰማው ከአርባዋ በኋላ፣ ከባዕድ ሰው አፍ ነው።

ወይንሸት ግን መምጣታቸውን ለአምሳሉ ደውላ ነግራው ነበር።

ያን ዕለት ይዘንባል። ጎብኚዎቹን የጫነው አውቶቡስ ከወደቡ በር ሲወጣ፣ አጥሩ ሥር አንድ ሽበታም ሰው ቆሟል። የሚወጣውን ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል።

«አምሳሉ ነው! አስቁመው!» አለች ወይንሸት።

አየው። ወዲያው አወቀው። አንገቱን ደፋ።

«ስንመለስ» አላት። «አሁን ሰው ፊት ምን እለዋለሁ? ስንመለስ።»

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተራራ ወጣ። ከተማዋን ከላይ አየ። ዓሣ ገበያ ገብቶ በላ። የጥንት የእንጨት ቤቶችን ፎቶ አነሳ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ። አጥሩ ሥር ማንም የለም። ወይንሸት ወደ አምሳሉ ስልክ ደወለች። ያነሳችው የሆስፒታል ነርስ ናት። «ቶሎ ኑ» ብቻ አለች።

መርከቡን ትተው ሄዱ። አምሳሉ እዚያው በር ላይ ልቡ ከድቶት ወድቆ፣ ስድስት ሰዓት ላይ አርፏል።

ሰውዬው ራሱ እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ «እጁን ይዤ፣ ‹እኔ ነኝ ያልነገርኩህ! እኔ ነኝ የዋሸሁብህ!› አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ አባ። ለማይሰማ ነገርኩት።»

በማግስቱ ለዘመድ አዝማዱ የአምሳሉን መርዶ ያረዳው ያው እሱ ነው።

ወገኖቼ፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ይህ ሰው ወንድሙን አልጠላም፤ አፍሮ ነበር። ስንቶቻችን ነን እፍረታችንን ቂም እያልን የምንጠራ? ስንቶቻችን ነን በሐሰት ስሙን ያጠፋነውን ሰው ስናይ መንገድ የምንሻገር? «ለፋሲካ» የምትሉ፣ «ልጄን ስድር» የምትሉ፣ «እሱ ይጀምር» የምትሉ! እግዚአብሔር ይቅር ይላል፤ አዎ፣ ይላል። አምሳሉ ግን ሳይሰማ ሞቷል።

ዛሬ ከዚህ በላይ አልሰብክም። አሁን በልባችሁ አንድ ስም የመጣባችሁ፣ ተነሡ። ውጡና ደውሉ። መዘምራኑ ይታገሣሉ፤ እኔም ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ።