ልባቸው እንዳይመታ የፈሩት መምህር

ደሴ ውስጥ አንድ ጡረተኛ የሳይንስ መምህር ነበሩ። ሁሉን ነገር «ለምን?» ብለው የሚጠይቁ ሰው።

አንድ ጠዋት ጫማቸውን ሲያስሩ ግራ እጃቸው አልታዘዝ አለቻቸው። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ወጡ፤ ግን እግራቸው ይጎተታል፣ ከአልጋ እስከ በር ሄደው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ እቴነሽ ምን አደረጉ? ውሃውን አመጡላቸው፣ ምግቡን አቀረቡላቸው። ሊነሡ ሲሉ «ኧረ በእመቤቴ፣ አይድከሙብኝ!» ጎረቤቱም እንዲሁ። መምህሩም ልባቸው ደለቅ ባለ ቁጥር «ደግሞ መጣብኝ» እያሉ ይቀመጡ ነበር። ወራት አለፉ። ልብ በሉ! አሁን ከበሽታው ይልቅ መቀመጡ አደከማቸው።

ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ ልባቸውን መረመረና ሰሚራ ወደምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ላካቸው። እሷም የደም ግፊታቸውን ለክታ ባለበት የሚሽከረከር ብስክሌት ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጋሼ፣ እያዋሩኝ ይንዱ። ትንፋሽዎ ይፍጠን፤ ወሬው ግን አይቋረጥ።»

«ልጄ፣ የደከመን ሰው ማድከም ምን የሚሉት ሕክምና ነው?»

«የሳይንስ መምህር አይደሉ? ይሞክሩትና እርስዎ ይንገሩኝ።»

ይህች ቃል ያዘቻቸው። ፈሩ፤ ግን ማወቅ ፈለጉ። በአራተኛው ደቂቃ ልባቸው ደረታቸውን ይደልቀው ጀመር። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ምን መጣ? ላብ! ላብ ብቻ! መምህሩ ሳቁ።

በሳምንት ሦስት ቀን ተመላለሱ። ደቂቃዋ ቀስ በቀስ ጨመረች።

በሦስተኛው ወር ወይዘሮ እቴነሽ ከገበያ ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አገኙት። ደንግጠው ሮጡ። መምህሩ የታመመ ጓደኛቸውን ጠይቀው፣ በከዘራ ዳገቱን እየወጡ ነው።

«ብቻዎን?!»

«ልቤ እየመታ ነው፣ እቴነሽ። ነይ አዳምጪው።»

ግራ እጃቸው ዛሬም የሸሚዝ ቁልፍ አትቆልፍም። ግን የታመመ ይጠይቃሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ።

ወገኖቼ፣ እናንተንስ ያስቀመጣችሁ ምንድን ነው? ከተቀያየማችሁት ወንድማችሁ ደጅ ስትደርሱ ልባችሁ አይመታም? ያን ጊዜ «እግዚአብሔር አልፈቀደም» ብላችሁ ተመልሳችሁ አታውቁም? እኔ ተመልሻለሁ!

የምትወዱትንስ ሰው፣ እንዳይደክም ብላችሁ፣ እንዳይነሣ አድርጋችሁት ይሆን?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያ ወንድማችሁ ደጅ ሂዱ። ትንፋሽ ያጥራችሁ፣ ድምፃችሁ ይንቀጥቀጥ፤ ግድ የለም። አንኳኩ።