በሌላ ሰው ጣት የተሰጠ ድምፅ

አንድ ሞባይል ጠጋኝ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ይታገሱ ይባላል። ባለሙያና ቅን ሰው ስለነበር የከተማው ወጣቶች ሁሉ ያምኑታል።

በዚያ ዓመት ከተማዋ አስተዳዳሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በስልክ ልትመርጥ ሆነ። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ድምፅ የሚሰጥበት የምስጢር ቁጥር ተላከለት። ወጣቶቹ ግን «ብንመርጥ ምን ልንፈይድ?» እያሉ ነገሩን ናቁት።

ይህን የተረዳ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ወደ ይታገሱ ሱቅ መጣ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ነበር። «ልጆቹ ፋታ የላቸውም። ቁጥራቸውን ሰብስብልኝና እኔው ልምረጥላቸው፤ መቼም ከእኔ የሚቀርባቸው የለም» አለው። ይታገሱ ክፋት አልታየውም። የመቶ አርባ ወጣቶችን ቁጥር ሰብስቦ ሰጠው፤ የራሱንም ጨመረበት።

በማግስቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ፊደሉን አተልቅልኝ ልጄ፤ የምርጫው ጽሑፍ አልታይ አለኝ።»

«እማማ፣ ምን አደከመዎት? ቁጥሩን ይንገሩኝና እኔ ልምረጥልዎት።»

አሮጊቷ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። «የደከመው ዓይኔ ነው። የሚበጀኝን ግን አሁንም እኔው ነኝ የማውቀው።»

ይታገሱ ፊደሉን አተለቀላቸው። አንድ ነገር ውስጡን ቆረቆረው፤ ሆኖም የሰጠውን ቁጥር ለማስመለስ አልሄደም።

ነጋዴው በዘጠና ድምፅ በልጦ አሸነፈ። ወር ሳይሞላው ወጣቶቹ የእንጨትና የብረት ሥራ የሚማሩበትን ማሰልጠኛ ዘግቶ መጋዘን አደረገው። ወጣቶቹ ተቆጥተው ቢሮው በር ላይ ተሰበሰቡ። ይታገሱ ከፊት ቆሞ «ማን መርጦዎት ነው እንዲህ የሚያደርጉን?» ሲል ጮኸ።

ሰውየው ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «እናንተ ናችኋ! ስልክህን ክፈትና እየው።»

ይታገሱ ከፈተው። ከስሙ ሥር «መርጠዋል» ይላል። ቀና ሲል ጓደኞቹ የሚያዩት ነጋዴውን ሳይሆን እሱን ነበር።

«በድያችኋለሁ» አላቸው።

ማሰልጠኛው አምስት ዓመት ሙሉ እንደተዘጋ ቆየ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ሙያ ሳይጨብጡ ሥራ ፍለጋ ከተማዋን ለቀው ሄዱ። ይታገሱ አንድ በአንድ ሸኛቸው።

ወዳጆቼ፣ ድምፅ መስጠት ቀለለ ማለት ድምፃችን ቀለለ ማለት አይደለም። እኛ የተውነውን ድምፅ ሌላ ሰው አንስቶ ይጠቀምበታል፤ የሚወጣውም ውሳኔ በእኛ ስም ነው። በመጪው ምርጫ የእናንተን ስልክ የሚጫነው የማን ጣት ይሆን?